ፊት አይቶ የሚያሳልፈው በር

እንደ እኛ ከፊት ጋር የተቆራኘ ሕዝብ መኖሩን እጠራጠራለሁ። ልብ ብላችሁ ከሆነ የምንናገረው ሁሉ ፊት ነው። የወደድነውን ሰው ፊት እንሰጠዋለን፣ ያስቀየመንን ፊት እንነሳዋለን፤ የበደልነው ሰው ቤት መሄድ ሲከብደን ደግሞ፣ ሌላ መለዋወጫ ያለን ይመስል «በየትኛው ፊቴ!» ብለን እንቀራለን። ጉዳይ ይዘን ቢሮ ስንሄድ እንኳ መጀመሪያ የምንጠይቀው ስለ ጉዳያችን አይደለም። ጸሐፊዋን በጥቅሻ ጠርተን «ዛሬ ፊቱ እንዴት ነው?» እንላታለን። ጥሩ አይደለም ካለችን ጉዳዩ ለነገ ያድራል።

ይህን ያህል ፊት የምናውቅ ሰዎች፣ ፊታችንን የሚያምን አንድ መሥሪያ ቤት ግን አጥተን ኖረናል። መታወቂያ አምጣ፤ ኮፒውን አምጣ፤ ጉርድ ፎቶግራፍ አምጣ። ጉርድ ፎቶግራፍ! ዋናው ፊት መስኮቱ ላይ ተደቅኖ እያየው ሰውየው ቅጂውን ይጠይቃል። እናንተም ተጠይቃችኋል፤ እናንተም ሮጣችሁ ሄዳችሁ፣ ተነሥታችሁ አምጥታችኋል።

ስለዚህ በአንዳንድ የውጭ አገር አውሮፕላን ማረፊያዎች የመሳፈሪያ ወረቀት ቀርቶ ሰው በፊቱ ብቻ እየታወቀ ይሳፈራል የሚለው ወሬ ሰቆጣ ሲደርስ፣ እኔ የማስተምርበት ትምህርት ቤት የመምህራን ክፍል ውስጥ ክርክሩ ጦፎ ሰነበተ። የሒሳብ መምህሩ «ተገላገልን!» አለ። የታሪክ መምህሯ «ፊቴን ወስደው የት እንደሚያስቀምጡት ሳይነግሩኝማ አልሰጥም» ብላ ነጠላዋን ሳብ አደረገች። የስፖርት መምህሩ መንታ ወንድም ስላለው በአንድ ትኬት እየተፈራረቁ ዓለምን የሚዞሩበትን መንገድ ቀይሶ ጨርሷል። ከመካከላችን አውሮፕላን ተሳፍሮ የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። ይህ ግን ክርክሩን ትንሽ እንኳ አላበረደውም።

ያ ክርክር ዞሮ ዞሮ እኔው ላይ ወደቀ።

አያ ወልዱ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ከሰቆጣ ወዲያ፣ ደሃና ውስጥ ወሰን የተጋፋ፣ ከሚስቱ የተጣላ፣ በሬው ሰው ማሳ የገባበት ሁሉ የሚፈልጋቸው ሽማግሌ ናቸው። ነገር የሚሰሙበት የራሳቸው መላ አላቸው። አንገታቸውን ይደፉና ጋቢያቸውን እስከ ቅንድባቸው ያወርዱታል፤ ከዚያ በኋላ ከሳሽ ቢያለቅስ፣ ተከሳሽ ቢፎክር ቀና አይሉም። አንዴ ለምን እንደሆነ ጠይቄያቸው ነበር። «ፊት ያየሁ እንደሆነ አዳላለሁ» አሉኝ። «አንዱ ሥጋዬ ነው፣ አንዱ ባለጸጋ ነው፣ አንዱ ደግሞ ፊቱ ያሳዝናል። በጆሮዬ ብቻ የሰማሁት እንደሆነ ግን ማንም ማን ነው።» በኛ አገር ለዳኛም ሆነ ለሽማግሌ ከስድብ ሁሉ የሚከፋው «ፊት አይቶ ያዳላል» የሚለው መሆኑን ታውቃላችሁ። አያ ወልዱ ይህ ስድብ እንዳይደርስባቸው ዕድሜ ልካቸውን መሬት መሬቱን ሲያዩ ኖረዋል።

ልጃቸው ዝናሽ ለሥራ ዐረብ አገር ከሄደች ቆየት ብላለች። እዚያው የአገሯን ልጅ አገባች፣ እዚያው ወለደች። ልጇ ክርስትና ሲነሣ አባቷ እንዲገኙላት ትኬት ላከች፤ አንዱን ለአባቷ፣ ሌላውን ለአባቷ አስተርጓሚ፣ ማለትም ለኔ። ሄድን፤ ልጁ ክርስትና ተነሣ፤ አያ ወልዱ የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው ሰነበቱ። በሄድንበት ጊዜ በየበሩ ወረቀት አሳይተን ስላለፍን የመምህራን ክፍሉን ክርክር ረስቼው ነበር።

የመመለሻችን ቀን ግን ዝም ብሎ የተቆረጠ አልነበረም። ካሳዬና ሲሳይ የሚባሉ የአንድ እናት ልጆች አያ ወልዱ ሰፈር አሉ። በእርሻ ወሰን ተጣልተው ለዓመታት ፊት ተነሳስተው ኖረዋል፤ አንዱ በመጣበት መንገድ ሌላው አይሄድም፣ ቤተ ክርስቲያን እንኳ አንዱ በምሥራቅ አንዱ በምዕራብ በር ነው የሚገቡት። ባለፈው ክረምት ልጆቻቸው በዱላ ተፈነካከቱ። ዱላው ነገ ጠመንጃ እንደሚሆን ያልገባው ሰው አልነበረም። አያ ወልዱ ለምነው፣ ተቆጥተው፣ ሁለቱንም በጊዮርጊስ ዕለት ለዕርቅ ለመቀመጥ አስማሏቸው። ካሳዬ «አያ ወልዱ ካሉ እመጣለሁ፤ ካልመጡ ግን ተነሥቼ ነው የምሄድ፣ ሁለተኛም አትጠሩኝ» ብሎ ነበር። ያ አውሮፕላን ካመለጠን ጊዮርጊስም ያመልጠናል።

ዝናሽ እስከ አውሮፕላን ማረፊያው በር ሸኘችን። ከአባቷ ጋር በአገራችን ቋንቋ በኽምጣና ሲንሾካሾኩ እኔ ሻንጣ እንደሚያስተካክል ሰው ዞር አልኩ። ከዚያ ገባን። መሳፈሪያው ጋ ስንደርስ ወረቀት የሚቀበል ሰው የለም። የሚከፈትና የሚዘጋ የመስታወት በር፣ ከጎኑ ካሜራ ያለው ዘንግ፣ ከዘንጉ ጎን ደግሞ የደንብ ልብስ የለበሰች ሳቂታ ልጅ ቆመዋል። ልጅቱ በእንግሊዝኛ አስረዳችኝ። እኔም አስተርጓሚ ነኝና ደረቴን ነፋ አድርጌ ተረጎምኩ።

«አያ፣ ወረቀት አያስፈልግም። ይሄ ማሽን ፊትዎን አይቶ ያሳልፍዎታል።»

አያ ወልዱ ቀጥ አሉ።

«ምኔን አይቶ?»

«ፊትዎን።»

«እነዚህን ከኋላችን ያሉትንስ?»

«የሁሉንም ፊት እያየ ነው የሚያሳልፈው።»

«ያላማረውን ፊትስ?»

«እሱንማ ይመልሰዋል» አልኩ። ምነው ያን ጊዜ ምላሴ በተሳሰረ!

አያ ወልዱ ከሰልፉ ወጥተው ግድግዳውን ተጠጉ። «እኔ በእንዲህ ያለ በር አላልፍም» አሉ። «ፊት አይቶ ማሳለፍን ሰው ሲያደርገው ነውር ነው ብዬ ስንቱን ስገስጽ ኖሬ፣ ብረት ሲያደርገው ልመርቀው ነው? እኔን ቢያሳልፈኝ አንዱን ምስኪን ሊመልስ አይደል?» ይህን ብለው ጋቢያቸውን እስከ ቅንድባቸው አወረዱት። ያ ጋቢ እዚያ ከደረሰ ምን ማለት እንደሆነ ደሃና ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል።

አሁን የኔን መከራ አስቡት። ከበላይ ያለው ድምፅ ማጉያ የመጨረሻ ጥሪ ያሰማል። እኔ ዓይኔን በጨው አጥቤ ለልጅቱ ማስረዳት ጀመርኩ። አጎቴ አድልዎ ስለሚጸየፉ ነው ልላት ፈልጌ ነበር፤ እንግሊዝኛዬ ግን መንገድ ላይ ቀረ። እሷ ጭራሽ አልተገረመችም። ብዙ ተሳፋሪ ፊቴን አላስቀዳም ይላል፣ መብታቸው ነው፣ ወዲያ ማዶ ወረቀት የሚያይ ሠራተኛ አለ አለችኝ። አያ ወልዱ ሳያውቁት ከሠለጠነው ዓለም መብት ተሟጋቾች ጋር ተሰልፈው አገኘኋቸው። ወደተባለው ማዶ ስመለከት ደግሞ ሰልፉ ግድግዳ ዞሮ የት እንደገባ አይታይም። እዚያ ብንሰለፍ ካሳዬ ተነሥቶ መሄዱ ነው፤ የልጆቹ ዱላም ጠመንጃ መሆኑ ነው። 

ከኋላችን አንዲት የአገራችን ሴት ነበረች። ትልቅ ፌስታል ታቅፋለች፣ ፊቷ ላይ የሥራ ድካም አለ። ነገሩን ሁሉ ስትሰማ ቆይታ ወደ አያ ወልዱ ጠጋ አለች።

«አባቴ» አለቻቸው፣ «እኔ ሰው ቤት ስሠራ አሠሪዬ ፓስፖርቴን ቀምታኝ ነበር። ወረቀት የለሽም እየተባልኩ ስንት ጊዜ ከበር ተመልሻለሁ። ይሄ በር የሚለው እኮ ‹እሷ ራሷ ናት› ብቻ ነው። ሌላ ክፉም ደግም አይናገር። ፊቴንማ ማን ይቀማኛል?»

 ከዚያ ከጋቢው ሥር «ፍርድ አይሰጥም?» የሚል ድምፅ መጣ።

«አይሰጥም፣ አያ!» አልኩ እየተንተባተብኩ። «ፓስፖርቱ ላይ ያለው ሰው እርስዎ መሆንዎን ነው የሚናገረው። ሌላ ነገር አያውቅም።»

«እንግዲያ ምስክር ነዋ!»

«ምስክር ነው!»

«አንተ ታዲያ ምስክር ነው አትልም ነበር?» ብለው ተቆጡኝ። «ዳኛ ነው ፊት የማያይ። ምስክርማ ፊት ካላየ ምኑን ሊመሰክር ነው? አስተርጓሚ ተብለህ መጥተህ፣ ምስክሩን ዳኛ አድርገህ ልታስቀረኝ!» ወደ ሴትዮዋ ዞረውም «አፍሽ ይባረክ፣ ልጄ፤ የቀማችሽንም ይቅር ይበላት» አሏት።

ወደ በሩ ሄዱ። ዳኛና ምስክር ተለየ ብሎ ልማድ ግን ወዲያው አይለቅም፤ ዘንጉ ፊት ሲቆሙ እንደለመዱት አንገታቸውን ደፉ። ማሽኑ የጋቢያቸውን ጥለት ሲያይ ቆየ፤ ምንም አላለም። «አያ፣ ቀና ይበሉ፤ ጋቢውንም ዝቅ ያድርጉት፤ አረንጓዴው ሲበራ ያልፋሉ» አልኩ። ጋቢውን ትከሻቸው ላይ አወረዱ፣ ቀና አሉ፣ ለካሜራውም እጅ ነሱ። ብርሃኑ ዓይናቸው ላይ ሲመጣባቸው ጨፈኑ መሰለኝ፣

«በራ?» ብለው ጠየቁኝ።

አረንጓዴው መብራት ቦግ አለ፤ በሩ ተከፈተ።

«በራ፣ አያ! ይለፉ!»

የእፎይታዬን ነገር አልነግራችሁም። ጥርሴን መክደን አቅቶኝ እየሣቅሁ በተራዬ ቆምኩ። ቀይ። ደግሜ ቆምኩ። ቀይ። ልጅቱ መጥታ ፓስፖርቴን ገለጠችና የተነሣሁትን ፎቶ አየች፤ እንደማንኛችንም ዕዳ እንዳለበት ሰው ተኮሳትሬ ነው የተነሣሁት። እንዳትሥቅ አለችኝ። ግንባሬን ቋጥሬ፣ ከንፈሬን ነክሼ ስቆም በሩ ተከፈተልኝ። ሴትዮዋም ፌስታሏን ታቅፋ ከኋላዬ አለፈች፤ ወዲያው ነው የበራላት።

በአውሮፕላንም በመኪናም ሰቆጣ ገባን። በጊዮርጊስ ዋዜማ ሻንጣችን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ፣ ከሰው ጆንያ ሁሉ ሥር ታስሮ ወደ ደሃና ጉዞ ሆነ። አሁንስ ደረስን ብዬ ልቤን ጣል ሳደርግ ኬላ ላይ ገመድ ተወጥሮ ጠበቀን። ሚሊሻው ወደ ውስጥ ብቅ ብሎ «መታወቂያ!» አለ። ቀና ብዬ ሳየው ጌትነት ነው፤ የአያ ወልዱ የክርስትና ልጅ። በረድኤት አገኘነው ብዬ ደስ አለኝ።

«የአያ ወልዱ መታወቂያ ጣሪያ ላይ ሻንጣ ውስጥ ነው» አልኩት። «መቼም አንተ አታውቃቸው እንደሆነ ማን ሊያውቃቸው!»

«አያ ወልዱ» አለ ጌትነት፣ እኔን ትቶ ወደሳቸው ዞሮ፣ በትሕትና፣ «ፊትዎንማ ክርስትና ካነሡኝ ጀምሮ አውቀዋለሁ። መታወቂያዎን ነው ያላየሁት።»

ሻንጣው ወረደ። ጆንያው ሁሉ ወረደ። ረዳቱ ተራገመ፣ ተሳፋሪው አጉረመረመ፣ እኔ ባሕር ማዶ ያለ ብረት ያወቃቸውን ሰው የገዛ የክርስትና ልጃቸው አላውቅም አለ ብዬ በገንኩ። ጌትነት መታወቂያውን አየ፣ ፊታቸውን አየ፣ እንደገና መታወቂያውን አየ። ሲጨርስ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመና «እንኳን በደህና ገቡ፣ አባቴ! ዝናሽ እንዴት ናት?» አለ።

እኔ ስብከነከን አያ ወልዱ እስከ ቤታቸው ድረስ ፊታቸው እንደበራ ነበር። «አየኸው?» ይሉኛል። «ለኔ ያላዳላ ለማን ሊያዳላ? ይሄ ልጅ ሽማግሌ ይወጣዋል።»

በማግሥቱ ከጊዮርጊስ አጥር ሥር ተቀመጥን። ካሳዬ ወደ አንዱ ተራራ፣ ሲሳይ ወደ ሌላው ተራራ ፊታቸውን አዙረው ተቀምጠዋል። አያ ወልዱ መሐል ላይ፣ አንገት ተደፍቶ፣ ጋቢው ወርዶ። ነገሩ ብዙ ነበር፤ ወሰኑ ድሮ የት እንደነበር የሚያውቁ ሰዎች ተናገሩ፣ ሁለቱም ተናገሩ፣ የተፈነከቱት ልጆችም ተናገሩ። በመጨረሻ ወሰኑ የት ላይ እንደሚቆም ተስማሙ፤ ካሣም ተቆረጠ። ሁሉም አለቀ ስንል አያ ወልዱ ከጋቢያቸው ሥር ተናገሩ።

«አንድ ይቀራል። እስከ ዛሬ ፊት ተነሳስታችሁ ኖራችኋል። እንግዲህ ዙሩና ተያዩ።»

ይህ ከወሰኑ ሁሉ የከበደ ሆነ። ማንም አልተነቃነቀም። ካሳዬ ተነሥቶ የሚሄድ መሰለኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ ዞረ። ሲሳይም ዞረ። ለዓመታት አንዱ የሌላውን ጀርባ ብቻ ሲያዩ የኖሩ ሰዎች አሁን ምን እንደሚሉ አያውቁም፤ እንደማያውቁት ሰው ተፋጠጡ።

«ሸብተሃል» አለ ሲሳይ።

«አንተስ» አለ ካሳዬ፣ «ጥርስህ የት ሄደ?»

ሲሳይ አፉን በእጁ ከድኖ ሣቀ። ሣቁ ሳያልቅ ዕንባው መጣ፤ ካሳዬ ተነሥቶ አንገቱ ላይ ተጠመጠመ። ልጆቻቸው ወዴት እንደሚያዩ ጠፍቷቸው ጫማቸውን ያያሉ፤ እኔም በጋቢዬ ጫፍ ዓይኔን እጠርጋለሁ።

አያ ወልዱ አሁንም አንገታቸውን እንደደፉ ናቸው። ክርኔን ጎሰም አደረጉኝና ለኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ጠየቁኝ።

«በራ?»

«በራ፣ አያ» አልኳቸው።