ጠቡን የጻፈው ሰው

በአገራችን ሰው አንድ ጊዜ ካሳቀ ዕድሜ ልኩን እንዲያስቅ ይፈረድበታል። ሹም ይሻራል፣ ሐኪም ጡረታ ይወጣል፤ ቀልደኛ ግን ማረፊያ የለውም። ዕድሜዬን በሰው አገር መጻሕፍት ስበላ ኖሬ ወደ ሆሳዕና ከተማ ስመለስ የገባኝ ይህ ብቻ ነው። እሱም ሰሞኑን እየተምታታብኝ ነው።

የእህቴ ልጅ ማርቆስ ለሠርግና ለኮሌጅ መድረክ አስቂኝ ድራማ ይጽፍ ነበር። ጎበዝ ጸሐፊ ነው፤ ጣጣውም ከዚያ መጣ። አንድ ቀን ለቅሶ ቤት ገብቶ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ቢል ሐዘንተኞቹ ሳቁ።

«አክስቴ፣ ከእንግዲህ ሰው ካላስለቀስኩ ማርቆስ አይደለሁም» አለኝ በዚያው ዕለት። የፊልም ዳይሬክተር ሊሆን ቆረጠ። ሌላው ግን ሰው ለማስለቀስ ሹመት ይበቃዋል።

ፊልሙ በመሬት ድንበር ስለሚጣሉ ወንድማማቾች ነው። ጠቡ ከሌለ ፊልሙ የለም። ወንድማማች ሆነው የሚሠሩት ሁለት የከተማችን አስተማሪዎች ናቸው። ጊምቢቹ ከተማ አጠገብ እንሰት ማሳ ዳር ቆመው አንደኛው ሌላውን ሰድቦ ዱላ ሲያነሣ፣ ከገበያ የሚመለሱ ሽማግሌዎች ደረሱ።

እናንተ ብትሆኑ ካሜራውን አይታችሁ ታልፉ ይሆናል። በእኛ ዘንድ ግን ጠብ አይቶ ማለፍ ነውር ነው። ዱላውን ቀምተው ሁለቱን ሣር ላይ አስቀመጧቸው።

«አባቶች፣ ፊልም እኮ ነው!» አለ ማርቆስ።

«ፊልምስ ቢሆን፣ ወንድም በወንድሙ ላይ ዱላ ያነሣል?» አሉ ጋሽ ኤርጊቾ፣ ከሁሉም ታላቁ።

አስተማሪዎቹ የታላቅን ቃል መመለስ ከበዳቸው። ይቅር ተባባሉ፣ ተሳሳሙ፣ ተመረቁ። ማርቆስ «እሺ፣ አሁን ከመጀመሪያው!» ቢል ባለዱላው አሻፈረኝ አለ።

«ሽማግሌ አስታርቆን? እርግማን ልታስገዛኝ ነው እንዴ?»

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ጋሽ ኤርጊቾ ምርመራ ጀመሩ። «ለመሆኑ ወንድምህን ስደብ ያለህ ማን ነው?»

አስተማሪው ወደ ማርቆስ ጠቆመ። «እሱ ነው የጻፈው።»

«አሃ! አጣዪው አንተ ነሃ!»

ማርቆስ ተንበርክኮ ሁለቱንም ይቅርታ እንዲጠይቅ ተፈረደበት። ተንበረከከም። «ይቅር በሉኝ» ሲል እንባው ዱብ ዱብ አለ፤ ፊልሙ ዓይኑ እያየ ሲሞትበት ምን ያድርግ? ቀረጻውን ላይ የመጣሁት እኔ ዛፍ ሥር ተቀምጬ ልሳቅ ላልቅስ ግራ ገባኝ። ካሜራ የያዘው ልጅ ደግሞ «አቁም» የሚለው ስላጣ መቅረጹን አላቆመም።

ማርቆስ ሌላ ቢያጣ፣ ጠብ በሌለው ፊልሙ መጨረሻ ላይ ያችኑ የተንበረከከባትን ቀረጻ ቀጠላት። ፊልሙ ሆሳዕና ከተማ ሲታይ አዳራሹ በለቅሶ ተናጠ። ተመልካቾቹ ሲወጡ ከበቡት።

«ማርቆሴ፣ ለካ እንዲህ ያለ ተዋናይ ነህ! ዳይሬክተሩ ማን ነው? እሱ እንኳ ትንሽ ይቀረዋል።»

አሁን ከሾኔም ከአዲስ አበባም ይደወልለታል። ሁሉም የሚፈልገው እንዲንበረከክ ነው።

«አክስቴ፣ ተሳካልኝ ወይስ ከሰርኩ?» አለኝ።

ይህን ሁሉ መጽሐፍ ያነበብኩ ሴትዮ መልሱን መጽሐፍ ሳገላብጥ ስፈልግለት ሰነበትኩ። እሱም አልጠበቀኝም፤ ትናንት ገበያ ውስጥ ጉልበቱ ላይ የማይሳሳ ወፍራም ሱሪ ሲመርጥ አገኘሁት።