ያልነበረው አልጋ

ውሸትም እኮ ልፋት ይፈልጋል። ድሬዳዋ ውስጥ ከሶማሊኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ ሶማሊኛ ለፍርድ ቤት ሳስተረጉም ፀጉሬን ያሸበትኩ ሰው ነኝና ያልሰማሁት ዓይነት የለም። የጎረቤቱን ፍየል አርዶ የበላ ሰውዬ እንኳን ዳኛ ፊት ሲቆም፣ ፍየሏ ታማ ስትሠቃይ አላስችል ብሎት እንደሆነ ዕንባ እየተናነቀው ይናገራል። ቢያንስ ሰሚውን አክብሮ ተጨንቆበታል። ያላከበረንን ውሸት የሰማሁት ወታደራዊ ችሎት እኛ ከተማ መጥቶ ባስቻለ ጊዜ ነው።

ተበዳዩ አብዲ ይባላል። ከቀፊራ ገበያ ሰውና ዕቃ የሚያመላልስ ባጃጅ ነጂ ነው፤ ነበር ልበል እንጂ። ወታደሮች ለጥያቄ ትፈለጋለህ ብለው ወስደው ዘጠኝ ቀን ካምፕ ውስጥ አሰሩት። ሲወጣ ቀኝ እጁ አይጨብጥም። ሐኪሙ አንጓው ላይ የገመድ ምልክት አለ ብሎ ጽፏል። የተከሰሰው እስረኞቹን ይጠብቅ የነበረ ሃምሳ አለቃ ነው።

«አዴር፣ ሰቅለው እንደገረፉኝ ወረቀት ላይ ይጻፍልኝ፤ ሌላ አልፈልግም» አለኝ አብዲ ገና ሳንገባ። አዴር በሶማሊኛ አጎቴ ማለት ነው።

የሃምሳ አለቃው ጠበቃ ተነሣና እስረኛው በእንቅልፍ ልቡ ከአልጋ ወድቆ ነው አለ። ወሩ ግንቦት ነበር። ድሬን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ በግንቦት እንኳን እስረኛ፣ አልጋ ያለውም ሰው አልጋውን ትቶ ባዶ ሲሚንቶ ላይ ነው የሚጋደመው። ዳኛው እዚሁ ያደጉ ሰው ናቸውና መነጽራቸውን አወለቁ።

«አልጋ ነበረው?»

«ፍራሽ ነው ጌታዬ» አለ ሃምሳ አለቃው።

«ከፍታው?»

አራት ጣቱን አጋድሞ አሳየ። ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፤ እስከዛሬ ያሳፍረኛል። አስተርጓሚ በተናጋሪው አፍ ነው የሚናገረው፤ የሃምሳ አለቃውን ቃል «አልነካሁትም፣ ወድቆ ነው» ብዬ አብዲን ዓይን ዓይኑን እያየሁ በቋንቋው የነገርኩት እኔ ነኝ።

በውሳኔው ቀን ሃምሳ አለቃው ጥፋተኛ ተባለ። በምን? እስረኛው እንዳይወድቅ ተገቢውን ጥንቃቄ ባለማድረግ። ያ የሳቅንበት አልጋ ውሳኔው ውስጥ ተዘርግቶ ተኝቷል። ቅጣቱ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነው።

ይህንንም ለአብዲ ተረጎምኩለት።

«ስትስቁ ያላመናችሁት መስሎኝ ነበር፣ አዴር» አለኝ።



የውሳኔውን ግልባጭ ለመውሰድ መፈረም ነበረበት። አብዲ አሥረኛ ክፍል ድረስ ተምሯል፤ እስክሪብቶው ግን ከጣቶቹ መሃል ሾልኮ ወደቀ። ደግሞ ሞከረ፤ ደግሞ ወደቀ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ደግ ሴት ናት፤ «አይቸገሩ» ብላ ቀለም አቀረበችለት። አውራ ጣቱን ይዤ ያስነካሁት እኔ ነኝ። እሷም ከሥሩ «መጻፍ ስለማይችል በጣት አሻራ ፈርሟል» ብላ ሞላች።

ከዚያ ሁሉ መዝገብ እውነት የወጣው ከዚህች መስመር ብቻ ነው። ለምን እንደማይችል የሚሞላበት ቦታ ግን ቅጹ ላይ የለም።