እንኳን ረሱህ፣ ካቲርቬል!

ትናንት ከምሳ በኋላ፣ የድሬዳዋ ፀሐይ ሰውን ሁሉ እንደ ጎመን ቅጠል ባጠወለገበት ሰዓት፣ በሕልሜ የማይሆን ነገር አየሁ። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ «የቀን ሕልም አይፈታም» ትል ነበር። እኔም ፍቱልኝ ማለቴ አይደለም፤ ብቻዬን ይዤው መዋል ስላቃተኝ ነው የምነግራችሁ።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልበላችሁ፣ አለዚያ ግራ ትጋባላችሁ። በጉብዝናዬ ዘመን መምህር ሴልቫራጅ የሚባል የሒሳብ አስተማሪ ጎረቤቴ ነበር። ሕንድ ነው፤ ከሕንድም ታሚል ከሚባሉት ከደቡቦቹ ወገን። ክረምት አገሩ ደርሶ ሲመለስ ያገሩን ፊልም በካሴት ይዞ ይመጣና ሰፈሩን ሰብስቦ ያሳየናል። ቋንቋውን ማን ሰምቶት! ካቲርቬልን ማየት ብቻ ይበቃን ነበር። ካቲርቬል ማለት ጀግናው ነው፤ የጭነት መኪና በእርግጫ የሚያቆመው፣ ከባቡር ባቡር የሚዘለው። ጠላቱን ከመምታቱ በፊት ቀይ ፎጣውን ወርወር አድርጎ ትከሻው ላይ ጣል ያደርጋል። ያን ጊዜ እኔ ሁለት ጣቴን አፌ ውስጥ ከትቼ ሳፏጭ የሰፈር ውሻ ሁሉ ይጮኻል።

«ይሄ ምን አላት» ይለን ነበር መምህር ሴልቫራጅ። «እኛ አገር ቢሆን ፎቅ የሚያክል የካርቶን ምስሉን ሲኒማ ቤቱ ደጅ እናቆምና፣ መሰላል ወጥተን ከራሱ ላይ ወተት እናፈስለታለን።»

«ወተት? ሕፃን የሚያለቅስበትን ወተት?» አልነው።

«ፍቅር ነዋ!» አለን።

ከዚያ መምህሩም አገሩ ገባ፣ ካቲርቬልም ከዓይናችን ጠፋ። ሰውና ፊልም እንዲሁ ነው፤ አንድ ቀን ታጡታላችሁ።

እና ትናንት ባለቤቴ አስካለ ለጉልበትህ ይበጅሃል ብላ አንድ ጣሳ የግመል ወተት አስያዘችኝ። ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጥኩ። አንድ ጊዜ ፉት አልኩለት። ከዚያ ወዲያ ያለው እንግዲህ ሕልም ነው።

ባቡር ጣቢያው ጋ ቆሜያለሁ። ባቡሩ ትኬት ቆርጦ በኩሊዎች ጀርባ ተሳፍሯል። ኩሊዎቹ ጭስ እየተፉ ወደ ጅቡቲ ይነጉዳሉ፤ ባቡሩ በየመንገዱ እያስቆማቸው ሙዝ ይገዛል። ማንም አልገረመው፣ እኔንም አልገረመኝ። ጣሳዬ ከነወተቱ እጄ ላይ ነው።

ሲኒማ ቤቱ ደጅ ስደርስ ተዋናዮች ፀሐይ ላይ ተሰልፈዋል፤ ንጉሥ የለበሰ አለ፣ ሽፍታ የለበሰ አለ፣ ሙሽራ አለች። የመጡት እኛን ተመልካቾቹን ለማየት ነው። በር ላይ ኮፍያ ያደረገች ግመል ቆማለች።

«ወሪያ! ማነህ?» አለችኝ።

«ኧረ እኔ ማንም አይደለሁም። ሽብሩ እባላለሁ።»

«የሚያውቅህ ሰው አለ?»

«ከሰፈሬ ወዲያ ማንም።»

ይህን ስትሰማ አንገቷን እስከ መሬት ዝቅ አድርጋ እጅ ነሳችኝ። «ይግቡ ጌታዬ! ትልቅ ሰው መሆንዎን መች አወቅኩ!» አለች። ከኋላዬ የቆመውን ንጉሥ ግን «አቦ ዞር በል! አገር ያወቀው ፊት ይዘህ ስትመጣ ትንሽ አታፍርም?» ብላ በምራቋ አጠበችው።

ቀና ስል የካርቶኑን ምስል አየሁት። ካቲርቬል ራሱ፣ በደህና ዘመኑ፣ እንደ ፎቅ ቆሟል። ከምስሉ ራስ ላይ ደግሞ እውነተኛው ካቲርቬል በሽርጥ ተቀምጧል፤ ከፀጉሩ ወተት እየተንጠባጠበ በዚያ ሐሩር ይንቀጠቀጣል። እጁ ላይ መጋዝ አለ። ከሥር አንዲት አሮጊት አንጋጣ ታየዋለች።

«እናቱ ነኝ፤ ካናማ እባላለሁ» አለችኝ። ታሚልኛዋ ቁልጭ ብሎ ይሰማኛል። «ምን ዓይነት ዕድል እንደሆነ አላውቅም ወንድሜ። ይሄ ልጅ የተወለደው ታውቆ ነው። እትብቱ ሳይቆረጥ አዋላጇ ፊርማህን አለችው። ጡቴን ሳይቀምስ ወተቱን ከላዩ አፈሰሱበት። ከዚያ እዚያ ላይ ሰቀሉት። እስከ ዛሬ አንድ ቀን ጎኔ ተቀምጦ አያውቅም።»

«ታዲያ አይወርድም?»

«እየሠራ ነዋ! ጎበዝ ነው ልጄ፤ ለፍቶ ነው እዚህ ድረስ የወረደው። መጀመሪያ ንጉሥ ሆኖ ተወነ፤ ምንም አልወረደ። ቀጥሎ ጄኔራል ሆነ፣ ቀጥሎ የጄኔራሉ ሾፌር፣ ቀጥሎ ሬሳ። ሰው በረሳው ቁጥር ካርቶኑን ከሥሩ በመጋዙ ይቆርጣል። አሁን አንድ ፊልም ነው የቀረው።»

ፕሮዲውሰሯ ዶሮ ነበረች። ፊልሙን ከነጥቅሉ ሥሯ ታቅፋ ተቀምጣለች።

«ካቲርቬል!» ብላ ጮኸች ወደ ላይ። «የመጨረሻዋ ሚናህ ናት። ከገበያው ሕዝብ ኋላ፣ ጀርባህን ሰጥተህ ታልፋለህ። ጀርባህ ጀርባ እንዳይመስል!»

«እችላለሁ እመቤቴ!» አለ ከላይ።

አለፈ። እውነቴን ነው ልጆቼ፣ ዓይኔን ተክዬ እያየሁት አላየሁትም። እንዲህ ያለ ትወና በዕድሜዬ አልገጠመኝም። ዶሮዋ ፊልሙን ፈልፍላ ተነሳችና አገር ይያዝልኝ አለች። ካርቶኑ ተገነደሰ። ካቲርቬል ከአቧራው መሀል በባዶ እግሩ ብቅ አለ። ሕዝቡ በደስታ ፊቱን አዞረበት።

«እንኳን ረሱህ!» አለው ደጁ ላይ የተቀመጠ ሊስትሮ፣ ቀና ብሎ ሳያየው።

«እንኳን አብሮ ረሳን!» አለ ካቲርቬል፤ እንባው መጣ።

ዶሮዋ ግን ጠጋ ብላ «ገና ነው» አለችው። «ከእናትህ ጎን ቁጭ ብለህ አንድ ፊልም ከራስ እስከ ጅራቱ ታያለህ። እስኪያልቅ ማንም ስምህን ካልጠራ የእናትህ ሆነህ ትቀራለህ። አንድ ሰው ከጠራህ ግን፣ ወደ ላይ ነው፤ ሁለተኛ አትወርድም።»

በሩ ላይ ግመሏ አስቆመችው። «ማነህ?»

«ማንም አይደለሁም» አለ።

«እርግጠኛ ነህ? አፍንጫህን አንድ ቦታ የማውቀው መሰለኝ።»

«እናቴም አታውቀኝም።»

«ይግቡ ጌታዬ!»

አግዳሚ ወንበሩ ላይ በእኔና በእናቱ መካከል መጥቶ ተቀመጠ። ካናማ ቦታውን በሳሪዋ ጫፍ ሸፍና ይዛለት ነበር። ልጇን ታውቀዋለች፤ እናት እንዴት ይጠፋታል? ነገር ግን ፊቷን ወደ ሸራው አድርጋ ብርቱካን ትልጣለች።

ፊልሙ ተጀመረ። አንዲት ሴትዮ ምስር ስትለቅም ነው። በቃ ይኸው ነው። ጠጠር ታገኝ ይሆን? እያልን ሰዉ ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ። ሽፍታ የለበሱት ተዋናዮች በመስኮት ተንጠላጥለው እኛን እያዩ፣ አንዳችን ባዛጋን ቁጥር ያጨበጭባሉ።

ካናማ አንዷን የብርቱካን ፍልቃቂ ወደ ጎን ዘረጋች። «እንካ ብላ፣ አንተ ሰውዬ። የማን ልጅ ነህ? እናት የለህም?»

«ነበረችኝ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው» አለ።

«ስታኝክ አፍህን ግጠም። ማን ነው ያሳደገህ?»

«ሕዝቡ ነው ያሳደገኝ እማማ።»

«ይታያል!» አለችው። ልብሱን ያስተካከለች መስላ ጀርባውን ዳበሰችው።

ያን ጊዜ ነው ጉዱ የመጣው። ደስ ሲለው ጊዜ ረስቶት፣ ከሽርጡ ውስጥ ቀይ ፎጣ አወጣና ወርወር አድርጎ ትከሻው ላይ ጣል አደረጋት። ጫፏ አፍንጫዬን ገረፈችኝ።

እጄ ላይ ጣሳ፣ ጣሳው ውስጥ ወተት።

አየኝና ገባው። «አባባ» አለኝ በጆሮዬ። «እባክዎን። ምስሯ አንድ እፍኝ ናት የቀረቻት።»

«አይዞህ ልጄ! አፌን ሰፍቼዋለሁ።»

«ይማሉልኝ።»

«አስካለን ልቅበር!» አልኩት። ከዚህ በላይ መሐላ የለኝም።

ምላሴን ነከስኩ። ሴትዮዋ ምስሯን ታገላብጣለች። ግማሽ እፍኝ ቀረ። እኔ ደግሞ ከትዝታዬ ያ የጭነት መኪና መጣ፣ ከባቡር ባቡር ዝላዩ መጣ፣ መምህር ሴልቫራጅ በጉልበቱ ተንበርክኮ ሲያጨበጭብ መጣ። «ፍቅር ነዋ» አለኝ። ግራ እጄ ማንንም ሳያስፈቅድ ወደ አፌ ሄደ። ሁለት ጣት። ሴትዮዋ በመጨረሻ ጠጠሯን አንስታ ለብርሃን ስታሳየን፣ ፊልሙ ሊያልቅ አንድ ትንፋሽ ሲቀረው፣ አፏጨሁ።

«ካቲርቬል!» ብዬ ወተቱን ከነጣሳው ከራሱ ላይ ቸለስኩት።

አዳራሹ ተነሳ። ጣራው እንደ ሳጥን ክዳን ተከፈተ። ከወንበሩ ሥር ካርቶኑ እንደ እንጉዳይ በቀለና ሽቅብ ይዞት ሄደ። ካናማ እግሩን ያዘች፤ እጇ ላይ የቀረው ወተት ብቻ ነበር።

«ልጄ! ብርቱካኑን እንኳ አልጨረሰውም!» አለች።

እሱ ከላይ ሆኖ፣ ፍልቃቂዋን በጥርሱ እንደያዘ፣ ቁልቁል አየኝ። «አባባ! ምን አደረግኩዎት?»

«እኔ ስለምወድህ ነው!» ብዬ ስጮኽ ደረቴን ቀዘቀዘኝ። ወተቱ ካኒቴራዬን አልፎ ሽርጤ ላይ እየወረደ ነው፤ ጣሳው ወለሉ ላይ ይንከባለላል።

«እሰይ! ደግ አደረግክ!» ትላለች አስካለ፣ መወልወያ ይዛ ቆማ። «ያንን ሁሉ ወተት! ጉልበትህ በቆዳህ ነው እንዴ የሚጠጣው?»

ዓይኔ ቴሌቪዥኑ ላይ ነው። በሕንድ ጣቢያ የጉልበት ቅባት ማስታወቂያ ነበር። አንድ የሸበተ ሰውዬ ሱሪውን ሰብስቦ ጉልበቱን እያሸ ይስቃል። ከዚያ ቀይ ፎጣ አነሳና ወደ ትከሻው ወረወራት። እጁ ሳይደርስለት ቀርቶ ፎጣዋ ጆሮው ላይ ተንጠለጠለች። እንደዚያው ሆኖ ዝም ብሎ አየን፤ ሰው ቤት መጥቶ በር አንኳኩቶ፣ ማነው እስኪሉት እንደሚጠብቅ ዓይነት አስተያየት።

አስካለ መወልወያዋን ተደግፋ ቀረብ አለች። «ውይ፣ ይሄን ሰውዬ አንድ ቦታ የማውቀው መሰለኝ። ማነው ሽብሩ? አንተ ታውቀዋለህ?»

የብርቱካኗ ፍልቃቂ ታየችኝ። ሁለተኛስ አላጋልጠውም አልኩ በልቤ።

«አላውቀውም» አልኳት። «ማንም አይደለም።»

«እንጃ፣ እኔ ነኝ እንግዲህ የተምታታብኝ» ብላ ጣቢያውን ቀየረችው።

በደንብ የነቃሁት ያኔ ነው።