ሻምበል የተረከቡት ጽዋ

ሁለት ነገሮችን አንድ ማድረግ ቀላል ይመስላል። መምህር ሲጠፋ ሁለት ክፍል ተማሪዎች ሲቀላቀሉ አይታችሁ ይሆናል። ወንበሩ ይበቃል፣ ሰሌዳው አንድ ነው፤ ጠቡ የሚነሣው ክፍሉ «ሀ» ይባል ወይስ «ለ» የተባለ ጊዜ ነው። እኔ «ለ» ነበርኩ። እስካሁን ይቆጨኛል።

ይህንኑ ነገር ከዴንማርክ ሠራዊት ታሪክ እማራለሁ ብዬ ግን አላሰብኩም።

አባቴ እዚሁ ላሊበላ ልብስ ሰፊ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ጥላም ይሰፋል። አንድ ቀን ሸምገል ያሉ ፈረንጅ የቦርሳቸው ማንገቻ ተበጥሶባቸው ሱቃችን ገቡ። ገብተውም ማንገቻውን ረሱትና አባቴ የሚሰፋውን የጥላ ዘርፍ ማየት ጀመሩ። ዴንማርካዊ ናቸው፤ በወጣትነታቸው ያገለገሉበትን ሬጅመንት ታሪክ እየጻፉ ነው። ሬጅመንት ማለት የራሱ ስም፣ የራሱ ባንዲራና የራሱ ኩራት ያለው የጦር ክፍል ነው። በአገራቸው ብዙ ነበሩ፤ መንግሥት ግን ሰላም በሆነና ወጪ በበዛ ቁጥር ሁለቱን አንድ፣ አንዱንም ከሌላው ጋር እንደገና አንድ እያደረገ ቆይቶ፣ በመጨረሻ የእሳቸውንም ስም ሰረዘው። አሮጌው ባንዲራ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተሰቅሏል አሉን። አባቴ በዚህ ብቻ ወደዳቸው። ማዕረጋቸውን ሳይጠይቅ «ሻምበል» አላቸው፤ በማግስቱ ለሰፈሩ በሙሉ ሻምበል ሆኑ።

አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። ሰው ፊት ስናገር ድምፄ ወደ ሆዴ ይመለሳል፤ ምን ላድርግ፣ እንግሊዝኛ የሚሞክር ሌላ ሰው ቤታችን የለም።

አባቴ የሚካኤል ማኅበር ሙሴ፣ ማለትም ሰብሳቢ ነው። ማኅበርተኞቹ ወር በገባ በአሥራ ሁለት ተራ በተራ እየደገሱ ይዘክራሉ፤ ድግሱ ሲያበቃ ጽዋው ለቀጣዩ ባለ ተራ ይሰጣል። አንዳንዱ ሞተ፣ አንዳንዱ አዲስ አበባ ገባ፣ ቱሪስት ሲጠፋ ደግሞ ሌላው መደገስ አቃተው። ዘጠኝ ሰው ቀረ። የጎረቤታችን የእትዬ አልጋነሽ የጊዮርጊስ ማኅበርም ወደ አሥራ አንድ ሰው ወርዷል። ካልተቀላቀሉ ሁለቱም መፍረሳቸው ነው። «በማን ስም?» ሲባል ግን ሁሉም መፍረሱን የመረጠ ይመስላል። አባቴ ጽዋውን የተረከበው ከአባቱ ነው፤ በእሱ ዘመን ፈረሰ እንዳይባል እንቅልፍ አጥቶ ነበር።

በሚካኤል ዕለት ሁለቱም ማኅበሮች እኛ ቤት ተሰበሰቡ። የሁለቱም የነፍስ አባት የሆኑት ቄስ መጥተዋል፤ ሻምበልም ተጋብዘዋል።

«ጊዮርጊስ እዚህ ድረስ በፈረሱ መጥቷል» ብለው ጀመሩ እትዬ አልጋነሽ። «የኮቴው ምልክት ዛሬም አለ። የሚካኤል ኮቴ የታለ?»

«እትዬ፣ መልአክ ምን ኮቴ አለው?» አለ አባቴ።

ቄሱ ሳቃቸውን ለመደበቅ አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

«አንቺ ልጅ፣ እስኪ ሻምበልን ጠይቂልኝ። እነሱ ሲቀላቀሉ የማን ስም ይተርፋል?» አሉኝ እትዬ አልጋነሽ።

ጠየቅሁ። «በዕድሜ የሚበልጠው» አሉ። ምነው ባልተረጎምኩት! አያቶች በሙሉ ከመቃብር ተቀሰቀሱ። አባቴ ማኅበሩን ከአያቱ አያት ጀመረ፤ እትዬ አልጋነሽ አንድ ትውልድ ጨመሩበት፤ አባቴ ሁለት። የሚባለውን ለሻምበል ስነግራቸው ሳቁ። የእነሱ ሬጅመንቶችም አንጋፋ ለመባል የልደት ዘመናቸውን ወደ ኋላ ሲጎትቱ እንደኖሩ ነገሩኝ። ከዚያ ሳቃቸው ቆመና ሌላ ነገር ጨመሩ። እኔም ለራሴ እንኳ በማይሰማኝ ድምፅ ተረጎምኩ።

«አብሽሪ፣ ጮኽ በይ!» አሉ እትዬ አልጋነሽ።

ጮኽኩ። «የሬጅመንታቸው ጡረተኞች በየዓመቱ ራት አብረው ይበላሉ። የሌላው ሬጅመንት ጡረተኞች እንቀላቀል ብለው ለምነዋቸው ነበር። እነ ሻምበል ግን የእኛ ስም ይበልጣል ብለው እንቢ አሉ። ዘንድሮ ሁለት ሆነው በሉ። አንደኛው ጆሯቸው አይሰማም።»



«ስማቸውስ ተረፈ?» አለ አባቴ ቀስ ብሎ።

«ተርፏል። የሚጠራው ሰው ነው ያለቀው» አሉ ሻምበል በእኔ አፍ።

ቄሱ ጊዜ አልሰጡም። «እንግዲያስ አንድ ወር በአሥራ ሁለት፣ አንድ ወር በሃያ ሦስት። ማኅበሩ አንድ፣ ስሙ ሁለት።» ሁሉም እሺ አለ። እፎይ ልንል ስንል ጽዋውን መጀመሪያ ማን ይረከብ ተባለና እንደገና ተፋጠጡ። የጊዮርጊስ ሰዎች «እኛ»፣ የሚካኤልም ሰዎች «እኛ»። አባቴ ጽዋውን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። ወደ ቀኝ አየ፣ ወደ ግራ አየ። ከዚያ ከሁለቱም ወገን ላልሆኑት ብቸኛ ሰው ዘረጋው።

ሻምበል ታላቅ ክብር መስሏቸው ብድግ ብለው ተቀበሉ። ሴቶቹ እልል አሉ። ቄሱ ጣሪያውን ማየት ጀመሩ።

«ምን ማለት ነው?» አሉኝ ሻምበል በጆሮዬ።

«በሚቀጥለው ወር ሃያ ሰው ያበላሉ።»

ፊታቸው ቀላ። በረራቸው ከነገ ወዲያ ነበር።

እሳቸው ሄዱ፤ በሚቀጥለው ወር በሃያ ሦስት ግን የሻምበል ድግስ ተደገሰ። ጠላውን እትዬ አልጋነሽ ጠመቁ፣ ዳቦውን እናቴ ደፋች፣ ወንበሩ ከሁለቱም ወገን መጣ። ማንም ለማንም አልተሸነፈም፤ ሁሉም የደገሰው ለሻምበል ነው። ይኸው በየወሩ እንዲሁ እየደገስን ስድስት ወር አለፈ። ባለ ተራው ዛሬም ሻምበል ናቸው፤ ከእሳቸው ቀጥሎ ማን እንደሆነ ለመጠየቅ የደፈረ የለም።