ወይዘሮ ሀብትነሽ ሁለት ጊዜ ስላረፉበት የታብሌት ዘመቻ

ንዌጥን እንከ ጽሒፈ ዜናሁ ለመምህር ገነነ፤ በአገርኛው፣ የመምህር ገነነን ታሪክ ልንጽፍ ብዕራችንን ስለን ተቀመጥን። በሁለት ሺህ አሥራ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማርቆስ፣ ልሳነ ጥሩንባ፣ አፈ ዕድር፣ ሳይስሉ አንባቢ መምህር ገነነ ከማስተማር በጡረታ በወጡ በስድስተኛው፣ በፍኖተ ሰላም የሠፈራቸው ዕድር ዐዋጅ አንባቢ ሆነው በተሾሙ በዘጠነኛው፣ የስልካቸው ፊደል ጤፍ ማከል በጀመረ በሁለተኛው ዓመት፣ ይህ ሁሉ ሆነ።

የሹመታቸውም ሥርዐት እንዲህ ነበር፤ የዕድሩ ሊቀ መንበር አቶ ዓለምብርሃን ማስታወቂያውን በስልክ ይልካሉ፣ ጥሩንባው ሁለት ጊዜ ይነፋል፣ መምህር ገነነም ከዋርካው ሥር ካለችው ድንጋይ ላይ ወጥተው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ስልካቸውን ዘርግተው ያነባሉ። ፊደሉ እየደቀቀ ሲሄድ ስልኩን ከዓይናቸው ያርቁ ጀመር፤ አርቀው አርቀው ክንዳቸው አለቀ። በመነጽር ላይ መነጽር ደረቡ፤ ያም አልበጀም።

ወእምዝ በወርኃ ኅዳር፣ በአንዲት ክፉ እሑድ፣ ሊቀ መንበሩ «ቁልፍ ያዧ ወይዘሮ ሀብትነሽ ስላረፈዱ ስብሰባው ወደ አራት ሰዓት ተዛውሯል» ብለው ቢልኩ፣ መምህር ገነነ ከጤፉ መካከል አንዷን ፍሬ ዘለው፣ አንዷንም አምታተው፣ «ወይዘሮ ሀብትነሽ ስላረፉ» ብለው በታላቅ ድምፅ አነበቡ። ሕዝቡም ጮኸ። ድንኳን ይውጣ ቢባል የመጋዘኑ ቁልፍ በሟቿ እጅ ነበረና አልወጣም። ለቀስተኛው እየተንጫጫ ወደ ሟቿ ደጅ ቢጎርፍ፣ ወይዘሮ ሀብትነሽ ሽምብራቸውን ሲያበጥሩ ለቅሶ ሰምተው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጡ፤ ከሰውም ተቀላቅለው ደረታቸውን ሲደቁ ቆይተው፣ ማን እንደ ሞተ ቢጠይቁ እርሳቸው ሆነው ተገኙ።

አቶ ዓለምብርሃንም ይህን ዐዋጅ አስነገሩ፦

«ስማ! ስማ! ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማው አሰማ! መምህራችን የቀለም አባታችን ናቸው፣ ክብራቸው የተጠበቀ ነው። ነገር ግን ቋሚን ገድሎ የሚያነብ አንባቢ ለዕድር አይበጅም። ለአንድ ጊዜ ምረናል። ሁለተኛ ሰው ቢያሳርፉ ሹመቱ ለታከለ ይሁን።»

ይህ ታከለ የስልክ ጥገና ቤት ያለው፣ ዓይኑ እንደ ጭልፊት፣ ምላሱ እንደ ምላጭ የሆነ ጎልማሳ ነበር፤ ድንጋዪቱንም አስቀድሞ በዓይኑ ለክቷት ነበር። መምህር ገነነ ፈሩ። እውነቱን እንጻፍ፤ ታሪክ ጸሐፊ ጌታውን ሲያወድስ ፍርሃቱን መሸፈን ልማዱ ቢሆንም፣ እኛ አንሸፍንም። ልጆች ማስተማር ቀርቶባቸው፣ ጉልበታቸው ደክሞ፣ በዚህች ምድር ላይ «ገነነ ካልመጣ አይጀመርም» የሚባልላቸው ያች ድንጋይ ብቻ ነበረች። ከእርሷ ከወረዱ ለመውጣት ምክንያት አልነበራቸውም።

ስለዚህም በጥር ወር ፊደሉ እንደ ባቄላ የሚጎላበት ታብሌት የሚሉት ነገር በቡሬ እንደሚገኝ ሰምተው፣ እንግዛው ወይስ ይቅር የሚለውን ምክር ለባለቤታቸው ለእቴጌ ያምሮት አቀረቡ። እቴጌ ያምሮት ግን ቅኔ ከሚያስቆጥሩ ሰዎች ቤት የተወለዱ ነበሩና፣ ከጓዳ ሳይወጡ ዐወጁ፦

«ይኼ ታብሌት ያላችሁት ጠብ ሌት ነው! ቀን ጠብ የማይል ነገር፣ ሌት ጠብ ያመጣል። እኔ በወር አንድ እሑድ ለሚነበብ ማስታወቂያ ሳንቃ አላስገባም። ለዕለት ተዕለት የሚሆን ሥራ ካለው ይግባ፤ ከሌለው እዚያው ቡሬ ይክረም። እኔ ያምሮት ብያለሁ።»

የዘመቻው ሕግ ይህ ሆነ፤ ታብሌቱ የዕለት ተዕለት ሥራ ካልተገኘለት አይገባም። መምህር ገነነም ሠራዊታቸውን አስከትለው በሚኒባስ ወደ ቡሬ ዘመቱ። የሠራዊቱም ዝርዝር ይህ ነው፤ በቀኝ መስኮት በኩል እቴጌ ያምሮት፤ በግራ የበሬ ዐዋቂው፣ ጥርስ ቆጣሪው፣ ሻኛ ዳሳሹ አያ ክንዱ፣ ከነከዘራቸው፤ ከኋላ አንዲት እግሯ የታሰረ ዶሮ፣ የማን እንደሆነች እስከ ዛሬ ያልታወቀች። ማንኩሳንም ያለ ጦርነት አለፉ።

አያ ክንዱ ከገጠር የተጠሩት እንዲህ ባለው ግዢ አንቱ የተባሉ ስለ ነበሩ ነው። በእርሳቸው ምስክርነት የተገዛ በሬ ትልም ላይ ተኝቶ አያውቅም። ከወይዘሮ ናዚፋ ሱቅ በደረሱ ጊዜ፣ ታብሌቱ ከካርቶኑ ወጥቶ በፊታቸው ቢቆም፣ ጀርባውን መታ መታ አደረጉ፤ ጎኑን ዳሰሱ፤ ጥርሱን ቢፈልጉ የቻርጀሩን ቀዳዳ አገኙ፤ አንድ ዓይን ከፊት አንድ ከኋላ እንዳለውም አዩ። ከዚያ በኋላ መምህር ገነነ ይጠመድ ቢሉ፣ ናዚፋ አንድ ጽሑፍ ከፈተችላቸው። ፊደሉ ባቄላ ነበር። መምህር ገነነ ከሁለት ዓመት በኋላ «ሀ»ን ከነእግሯ አዩ፤ ዓይናቸውም እንባ አቀረረ። ሁለት መስመር አንብበው ለምስጋና ቀና ቢሉ ታብሌቱ ጭልም አለ። ቢነኩት ነቃ፤ ቢተዉት ደግሞ ጭልም አለ።

አያ ክንዱ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተክለው ዐወጁ፦

«በቃ! ይኼ ይተኛል። ገና ሁለት ትልም ሳያወጣ የሚተኛ በሬ ለእርድ እንጂ ለእርሻ አይገዛም። እንዲያውም ለእርድም ሥጋ የለውም። እንሂድ፣ መሸብን።»

በእውነቱ ገና አምስት ሰዓት ነበር። ወይዘሮ ናዚፋም በአባቷ ሱቅ ያደገች፣ ገበያተኛ የማያስቆጣት ሴት ነበረችና፣ ሽማግሌውን ሳታሳፍር እንዲህ ስትል ዐወጀች፦

«አያ ክንዱ፣ አላህ ያኑርዎ፣ እውነት ብለዋል፤ ይተኛል። የሚተኛው ግን ለግማሽ ደቂቃ ካልነኩት ተኛ ተብሎ ታዝዞ ነው። አትተኛ ካሉት አይተኛም። አርሶ ሳይታይ በሬ እንደማይገዛ እኛም እናውቃለን። እርስዎ ዋስ ይሁኑትና እስከ ሰኞ ወስዳችሁ እረሱበት፤ ካልጣማችሁ ገመዱን ይዛችሁ መልሱት።»

ይህንም ብላ በጣቷ አንድ ነገር ብትነካው ታብሌቱ ዓይኑን አፍጥጦ ቀረ። አያ ክንዱ ጭራሽ የማይተኛ ነገር ደግሞ የጤና እንዳልሆነ በልባቸው ቢያስቡም ዋስ ሆኑ። የዋጋውን ነገር ጸሐፊው አይጽፍም፤ እቴጌ ያምሮት ከልክለውታልና።

ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ የዕለት ተዕለት ሥራ ፍለጋ ሆነ። ሐሙስ እቴጌ ያምሮት የወተቱን ማሰሮ ቢከድኑበት ልክክ አለ፤ ግን ክዳን ነበራቸው። ዐርብ መብራት ቢጠፋ ጓዳውን አበራላቸው፤ ግን ኩራዝም ያበራል። ቅዳሜ መምህር ገነነ ስለ ጤፍ አዘራር የሚናገር ቪዲዮ ከፍተው ደጅ ላይ ቢያስቀምጡት፣ ያች ባለቤት የሌላት ዶሮ መጥታ በስክሪኑ ላይ የታየውን እህል ትለቅም ጀመር፤ አንዲት ፍሬ ሳታገኝም አሥራ አራት ፎቶ ራሷን አነሣች። እቴጌ ያምሮት ሳቁ፤ ፍርዳቸው ግን አልላላም።

በዚያው ዕለት ታከለ እንደ ወዳጅ ገብቶ፣ እንደ ወዳጅ ተቀምጦ፣ ዐወጀ፦

«መምህር፣ ምን አደከመዎት? ስልክዎም እኮ ፊደል ያጎላል! ይኸው እስከ መጨረሻው አጎላሁልዎት። ደግሞ ለአንዲት መስመር ታብሌት ምን ያደርጋል? እትዬ ያምሮት፣ ይመልሱት ይቅርብዎ።»

በስልኩ ላይም ፊደሉ በእርግጥ ባቄላ ሆነ። ፍርዱ ያኔውኑ ተቆረጠ። ታብሌቱ በአያ ክንዱ ጋቢ ተጠቅልሎ፣ ሰኞ ወደ ቡሬ ሊመለስ፣ በሽማግሌው ብብት ገባ። መምህር ገነነ በልባቸው አዘኑ። ያ ሰፊ ገጽ ጥቁር ሰሌዳቸውን መስሏቸው ነበር።

ወኮነ በይእቲ ሰንበት፣ በማግሥቱ፣ ጥሩንባው ሁለት ጊዜ ተነፍቶ፣ ሕዝቡ ከዋርካው ሥር ተሰብስቦ፣ ሊቀ መንበሩ ግን ቁልፍ ያዧን ሊያመጡ ሄደው ገና አልተመለሱም ነበር። መልእክታቸውም ከመንገድ ገባ። መምህር ገነነ ድንጋዪቱ ላይ ወጡ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ስልኩን ዘረጉ። ፊደሉ ከመጉላቱ የተነሣ ገጹ ከሁለት ቃል በላይ አይችልም ነበር፤ ረዘም ያለ ቃል ቢመጣም ከመካከሉ ተቆርጦ ጭራው ወደ ታች ይወርድ ነበር። መምህር ገነነም ባቄላ ባቄላውን እየለቀሙ፣ አንዲት ሳይዘሉ፣ በታላቅ ድምፅ እንዲህ አነበቡ፦

«ቁልፍ ያዧ … ወይዘሮ … ሀብትነሽ … ስላረፈ …»

ጣታቸውን አንሸራተቱ። ስልኩ አልተንቀሳቀሰም። እንደገና አንሸራተቱ።

ሕዝቡ ለወይዘሮ «አረፉ» እንጂ «አረፈ» እንደማይባል ሰዋስው ሊመረምር ጊዜ አላገኘም። ዋርካው በጩኸት ተናወጠ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፤ አያ ክንዱ ከዘራቸውን ጥለው ሙሾ አወረዱ፤ ታከለም በአንድ ዓይኑ እያለቀሰ በሌላው ድንጋዪቱን አየ። በዚህ ሁሉ መካከል ስልኩ ተንሸራተተ፣ መምህር ገነነም ማንም በማይሰማው ድምፅ «… ዱ» አሉ።

በዚያን ጊዜ ወይዘሮ ሀብትነሽ ቁልፋቸውን እያንቃጨሉ፣ ሊቀ መንበሩን ከኋላ አስከትለው ደረሱ። ለቅሶውን አይተው ነጠላቸውን ለማዘቅዘቅ እጃቸውን ሰደዱ፤ ከኅዳር ወዲህ ግን ብልህ ሆነው ነበርና፣ አስቀድመው ማን እንደ ሞተ ጠየቁ። መልሱንም ከሕዝቡ ዓይን አነበቡ።

አቶ ዓለምብርሃን የዕድሩን ሕግ ሊያነሡ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ መምህር ገነነ ከድንጋዪቱ ለመውረድ አንድ እግራቸውን አንሥተው ነበር። ወይዘሮ ሀብትነሽ አያ ክንዱ የጣሉትን ከዘራ አንሥተው አገዷቸው፤ ስልኩን ተቀብለው አዩ፤ አገላብጠው አዩ፤ ከዚያም መልእክቱ እንደገና ይላክ ብለው አዘዙ። ሲም ካርዱ ከስልክ ወደ ታብሌት ፈለሰ፤ ታብሌቱ ከአያ ክንዱ ብብት ሞቆ ወጣ። መልእክቱ ሲገባ በዚያ ሰፊ ገጽ ላይ ከ«ቁልፍ» እስከ «ተዛውሯል» ሙሉ ሆኖ፣ አንድም እግሩ ሳይቆረጥ ቆመ። መምህር ገነነም በአንድ ትንፋሽ አነበቡት፤ «ስላረፈዱ»ን ሲሉም ድምፃቸው እስከ አስፋልቱ ተሰማ።

ወይዘሮ ሀብትነሽም ድንጋዪቱ ላይ ወጥተው፣ ቁልፋቸውን ከፍ አድርገው፣ የዘመኑን ታላቅ ዐዋጅ ዐወጁ፦

«የፍኖተ ሰላም ሰው ሆይ፣ ስማኝ! እኔ በዚህ ዕድር ሁለት ጊዜ ሞቻለሁ፤ አንድ ጊዜ በፊደሉ ማነስ፣ አንድ ጊዜ በፊደሉ መተለቅ። ሦስተኛውን ለእግዜር ተዉለት! መምህር ያነበቡት ያዩትን ነው፤ የቆራረጠኝ ይኼ መናኛ ስልክና ያጎላው ሰው ነው። ደግሞ አንቺ ያምሮት፣ የዕለት ተዕለት ሥራ የለውም ብለሻል አሉ። እስቲ በይ፣ በዚህ አገር ሰው የሚሞተው አንዳንዴ ነው፤ የሚያረፍደውስ?»

ሕዝቡም በአንድ አፍ «በየቀኑ!» ብሎ መለሰ።

እቴጌ ያምሮት በዚህ ቅኔ ተሸንፈው ታብሌቱ ይግባ አሉ፤ ቢሸነፉም ደስ አላቸው፤ ባላቸው ድንጋዪቱ ላይ እንደ ቆሙ ነበሩና። አያ ክንዱ የዋስትናቸውን ቃል አጸደቁ፤ ታብሌቱ አርሶ ታየ፣ አልተኛም ብለውም መሰከሩ። ታከለም ዝም ያለበት ብቸኛው እሑድ ይህ ሆኖ በዕድሩ መዝገብ ተጻፈ።

ተፈጸመ ዜናሁ ለገነነ፣ ከድንጋዩ ላልወረደ፤ ፊደልን ከነእግሯ ላያት፣ ያረፈደውን ካረፈው ለለየ! ስሙ በዋርካው ሥር ይገነን፤ ባትሪው አይለቅ፤ ወይዘሮ ሀብትነሽም ለብዙ ዓመት ያርፍዱ።