ደህናውን ኮምፒውተር ያሻሻለው ሰው

ደህና የሚሠራ ነገር ሲያይ እጁ አላርፍ የሚለው ሰው እናንተ ዘንድ የለም? እኛ ደብረ ማርቆስ አለን። ዘለቀ ይባላል፤ የቢሮ ሠራተኛ ነው። ክፉ እንዳይመስላችሁ። ክፉ ቢሆንማ እንጠነቀቀው ነበር።

ባለቤቴ ነፍሷን ይማርና፣ በዕድሜዋ አንዴ ብቻ ነው ፎቶ የተነሣችው። ለተዝካሯ ላሳጥበው ፎቶ ቤት ብሄድ፣ ባለፎቶ ቤቱ «ጋሼ፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ አለች፤ ይቀመጡ» አለኝ።

ዘለቀም እዚያው ነበር። «ይኼ ማሽን ያዘግማል» ብሎ አጠፋውና፣ ሲያስነሣው የውስጥ ቅንብሩን ከፍቶ ፍጥነቱን ጨመረለት። ከዚያ ወዲያ አልበራም።

የኮምፒውተሩን ሆድ ፈቶ የአዝራር ያህል ባትሪ አወጣ። «የነካካሁትን እንዲረሳው ነው» አለኝ።

«እሷንስ?»

«እሷን አይረሳም ጋሼ፤ እሷ ዲስኩ ላይ ናት።»

ባትሪውን ቢመልሰውም ማያው ጥቁር ሆኖ ቀረ። ሦስታችንም ተክዘን ስንቀመጥ፣ አላፊ አግዳሚው ለቅሶ መስሎት እየገባ አጠገባችን ይቀመጥ ጀመር። አንዲት እናት «እግዜር ያጥናችሁ፤ ማን ነው የሞተው?» ቢሉ፣ ዘለቀ «ገና አልታወቀም እማማ፤ ወይ ራሙ ነው፣ ወይ ቦርዱ» አላቸው።

«ነፍስ ይማር» አሉ።

ዲስኩን ቤቴ አየዋለሁ ብሎ ወሰደው፤ እስካሁንም እያየው ነው። ተዝካሯ ያለ ፎቶ ወጣ። አሁን የቀረኝ በልቤ ያለው መልኳ ብቻ ነው። እሱም እየደበዘዘ መሄዱን ዘለቀ እንዳይሰማ፣ ሰላምታዬን ከመንገዱ ማዶ አድርጌያለሁ።