የመሪጌታ ምርቃትና የእኔ ሙሉ ባክአፕ

ወዳጆቼ፣ ዛሬ የሞተ ሰው በሰው ፊት አዋረደኝ!

አትሳቁ። እውነቴን ነው።

እዚህ ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ ኮምፒውተርን በጡረታ ዕድሜው፣ ያለ አስተማሪ፣ በገዛ ጣቱ የተማረ ማን ነው? እኔ አያሌው ነኛ!

ጓደኛዬ መሪጌታ ይሁኔ ከደብረ ወርቅ ለሕክምና መጥቶ እኔ ቤት ባረፈ ጊዜ፣ ለሴት ልጁ ለሙሉ የሚሆን የሠርግ ምርቃት በኮምፒውተሬ ቀረጽኩለት። «ለሠርጓ ባልደርስ አሰማልኝ» አለኝ።

አልደረሰም። ነፍሱን ይማር።

ሠርጓ የፊታችን እሑድ ደብረ ወርቅ ነው። ጉልበቱን ስማ የሚመርቃት አባት የላትም፤ ያላት ያ ድምፅ ብቻ ነው።

ኮምፒውተሬ ደግሞ በቅርቡ ተበላሽቶ ዲስኩ ተቀየረ።

ደነገጥኩ? በጭራሽ! የአያሌው ፋይል ሙሉ ባክአፕ፣ መጠባበቂያ ቅጂ ማለቴ ነው፣ አለው። ያውም ሁለት፣ በሌላ ዲስክ ላይ! አንዱን ኮምፒውተሩን እንደገዛሁ ያስቀመጥኩት ነው፤ ሌላውን ከምርቃቱ በኋላ።

ዛሬ ሙሉንና እናቷን እትዬ ጥሩነሽን ጠራሁ። ጎረቤትም ጨመርኩ። ጥበብ ያለ ተመልካች ምን ይሠራል?

ኮምፒውተር በፈረንጅ ዘመን እንደሚቆጥር ስለማውቅ (ማወቅ ደጉ!) ዓመቱ ትልቅ የሆነውን ባክአፕ መርጬ ሪስቶር፣ ማለትም መልሰህ አምጣ፣ አልኩት። እስኪጨርስ ድረስ ስለ ራሴ አወራሁላቸው።

ተከፈተ።

ባዶ!

ምርቃት የለ፣ ፎቶ የለ። ከሱቅ እንደወጣ ንጹሕ!

ሙሉ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። እኔ መብራቱን ወቀስኩ። ዲስኩን ወቀስኩ። የሸጠልኝንም አልማርኩትም።

እትዬ ጥሩነሽ ቀስ ብለው፣ «ያችኛይቱስ ጋሼ? ከሥሯ ያለችው?» አሉ።

«እሷማ አሮጌ ናት እትዬ! ሰባት ዓመት ትበልጣታለች፣ ቀኗን አያዩም?»

«ይህን ዕቃ የገዙት ግን ካቻምና አልነበር?»

ዓመቱን በጣቴ ቆጠርኩ።

ጉዱን ልንገራችሁ? የመጀመሪያውን ባክአፕ ካስቀመጥኩ በኋላ «አገሬ ገብቶ በፈረንጅ አይቆጥርም!» ብዬ የኮምፒውተሩን ቀን ወደ እኛ ዘመን ቀይሬው ነበር። ጳጉሜን አልቀበልም ሲለኝ እንኳ አልነቃሁም! የመጀመሪያው ባክአፕ በፈረንጅ፣ ሁለተኛው በሐበሻ። አዲሱ በቁጥር አረጀ። እኔም ሠርቼ ረሳሁት።

ላቤን ጠርጌ ታችኛይቱን መለስኩ። የመሪጌታ ድምፅ ቤቱን ሞላው። ከምርቃቱ በፊት የተወራውን ግን ለካ አልቆረጥኩትም!

«አንተ አያሌው፣ የዚህን ዕቃ ቀን ለምን ነካካኸው? ኋላ ራስህ ትጠፋበታለህ።»

«እኔን ነው የምታስተምር? ይልቅ መርቅ!» ይላል የእኔው ድምፅ። ኩራቱን ብትሰሙት!

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሙሉ እያለቀሰች ሳቀች። ከዚያ ምርቃቱ መጣ፤ ሁላችንም አንገታችንን ደፍተን «አሜን» አልን።

ሲወጡ ሙሉን ወደ ጥግ ጠርቼ፣ «ለእሑድ መግቢያዋን ቆረጥ አደርጋታለሁ» አልኳት።

«ነክተዋት እንዳላይ ጋሼ! ከእሷ ነው የሚጀመረው።»

ደብረ ወርቅ ከነካህናቱ ይሰማኛል ማለት ነው።

ለካ አስተማሪ ነበረኝ። ዝም ያሰኘሁት እኔው! እስኪ ፍረዱኝ፣ እሑድ በየትኛው ፊቴ ነው አሜን የምለው?